ኖልቪያን ያሻገሯት ሰዎች

ኖልቪያ ምግብ ዝግጅት የተማረችው ወጥ ቤት ስለምትወድ አልነበረም። ኮሮኔል በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ እነሱ ሰፈር አጠገብ ያለው የሙያ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው አራት ነገር ብቻ ነበር፤ ኤሌክትሪክ፣ ሒሳብ አያያዝ፣ የነርስ ረዳትነትና ምግብ ዝግጅት። ኤሌክትሪኩን አክስቷ ይነዝራል ብላ ከለከለቻት፣ ደም ማየት ራሷ አትችልም፣ ሒሳብ አያያዙ ደግሞ ሞልቶ ነበር። በዚህ ምክንያት ምግብ አብሳይ ሆነች።

ልጅቷ ግን ከመጀመሪያው አንድ አመል ነበረባት። ሌሎቹ ሊጡ ኩፍ ሲል ወደ ምድጃው ሲሮጡ፣ እሷ ቆማ ለምን ኩፍ እንዳለ ትጠይቃለች። ወተት ለምን ይቋጠራል? እንቁላል በሙቀት ለምን ይጠጥራል? ስኳር እሳት ሲበዛበት ለምን ይመርራል? አስተማሪዋ መጀመሪያ መለሰላት፣ ቀጥሎ ተቆጣት፣ በመጨረሻ ታክቶት፣ "አንቺ ልጅ፣ የምትፈልጊው መልስ እዚህ ቤት የለም። ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ ጠይቂ" ብሎ ተገላገላት።

እሷም የምሯን ወሰደችው። ዩኒቨርሲቲው ከሙያ ትምህርት ቤት ለሚመጡ ልጆች ጥቂት ቦታ ይለይ ስለነበር፣ አመልክታ የምግብ ምህንድስና ክፍል ገባች። ያሳደገቻት አክስቷ ኤዱቪና የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ወሬውን ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰችው፤ "ኖልቪያ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ማብሰሉን በትልቁ ልትማረው ነው" እያለች። ኖልቪያ አንድ ሁለቴ ልታርማት ሞከረችና ተወችው። እንዲህ የምታስበው አክስቷ ብቻ መስላት ነበር።

መጋቢት ላይ ትምህርት ሲጀመር ከሙያ ትምህርት ቤት የመጡትን ሁሉ አንድ አዳራሽ ሰበሰቧቸው። "ድልድይ" የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ሥራው እንደ ኖልቪያ ያሉትን ልጆች ከሙያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ማሻገር ነው። ኃላፊው ዶን ኦክታቪዮ ይባላሉ። ክረምት ከበጋ ከአንገታቸው ሻርፕ የማይጠፋ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሰው ሲጨብጡ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ቶሎ የማይለቁ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህ አስቀድሞ ይታወቅላቸው፤ ክፉ ቢሆኑማ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀለለ ነበር።

"እናንተ ባዶ እጃችሁን አልመጣችሁም" አሉ መድረኩ ላይ ቆመው። "እጃችሁ ውስጥ እውቀት አለ። ይህ ቤት ያንን እውቀት ያከብራል።"

ከፊት የተቀመጠችው የነርስ ረዳቷ ማካሬና እንባዋን ጠረገች። ኖልቪያም ደረቷ ሞቀ። ከዚያ ዶን ኦክታቪዮ ከመድረክ ወርደው እያንዳንዳቸው ምን እንደተማሩ ይጠይቁ ጀመር። ኖልቪያ ጋ ሲደርሱ "ምግብ ዝግጅት" አለች። ዓይናቸው በራ። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት።

እውቀቱ እንዴት እንደሚከበር በሳምንቱ ታወቀ። ለአዲስ መምህራን አቀባበል ኖልቪያ ሦስት ትሪ ሙሉ ኢምፓናዳ፣ ሥጋና ሽንኩርት የታጨቀበትን፣ ጋግራ አቀረበች። ኤድሰን የሚባል ከሎታ የመጣ የኤሌክትሪክ ልጅ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ዘረጋ። ማካሬና በር ላይ ተቀምጣ የመምህራኑን የደም ግፊት ለካች። ሒሳብ አያያዝ የተማረው ልጅ ደግሞ የፕሮግራሙን ደረሰኝ ሲደማምር ዋለ። ዶን ኦክታቪዮ በመካከላቸው እየተዘዋወሩ እንግዶቹን "እዩ፣ እውቀታቸውን ይዘው ነው የተሻገሩት" ይሏቸው ነበር።

ኤድሰን ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖል ሲያጠብቅ ቁልቁል አያት።

"እኔ አባቴ አልቅሶ የሸኘኝ፣ ከእንግዲህ መሰላል ላይ አትወጣም ብሎ ነው" አላት።

"አንተ መሰላል አለህ። እኔ ያው ምድጃዬ ጋ ነኝ።"

"አልሸሹም ዞር አሉ በይኛ።"

ሳቁ። ያኔ ገና ያሥቃቸው ነበር።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጠሯት ጀመር። ከሌላ ከተማ የመጣ ተመራማሪ ሲኖር ትጠራለች፣ መጽሐፍ ሲመረቅ ትጠራለች፣ "ሙያና ክብር" የሚል ውይይት ሲካሄድም ተጠርታ፣ ውይይቱን በግድግዳው በኩል ሽንኩርት እየከተፈች አዳመጠችው። ንግግሩ በጣም ጥሩ ነበር። አንዲት ምሁር ሴቶች ልጆች ወደ ወጥ ቤት የሚገፉበትን ምክንያት ሲተነትኑ ኖልቪያ የነካት ነገር ሆኖ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሰማቻቸው፤ ወዲያው ግን አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ሻዩ የት ደረሰ ሲል ጠየቃት።

ከዚህ ሌላ ሥልጠና ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት "እኔም የዚህ ቤት ልጅ ነኝ" የሚባል አለ፤ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ዩኒቨርሲቲው የእነሱም እንደሆነ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ችግሩ ማክሰኞ ጠዋት የካልኩለስ ክፍለ ጊዜም ነበር። ኖልቪያ ይህን ስትናገር፣ በሥልጠናው ያልተገኘ ከፕሮግራሙ እንደሚሰረዝ ተነገራት። ስለዚህ እነኤድሰን ሁሉ የዚህ ቤት ልጆች መሆናቸውን ለመማር ሲሉ፣ የዚህ ቤት ልጆች የሚማሩትን ትምህርት በየሳምንቱ ትተው ይሄዱ ነበር።

የመጀመሪያው የካልኩለስ ፈተና ውጤት ሲመጣ ኖልቪያ ከሰባት አንድ ነጥብ ስምንት አመጣች። ለማለፍ አራት ያስፈልጋል። ኤድሰን ሁለት በማምጣቱ ለጥቂት ቀን ሲኮራባት ሰነበተ።

ፕሮግራሙ ዝም ብሎ አላያትም። ሂሜና የምትባል አማካሪ ተመደበችላት፤ ወጣት፣ ደግ፣ ክፍሏ ውስጥ ትራስና የቀለም እርሳስ የሞላ። ትንፋሽ በአፍንጫ አስገብቶ በአፍ ማውጣት አስተማረቻት፤ ፍርሃቷንም በቀለም አሣለቻት። ኖልቪያ ሁሉንም ታዛ አደረገች። ሥዕሏን ያየችው ሂሜና አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ "ውስጥሽ ስኬትን የምትፈራ ትንሽ ልጅ አለች" አለቻት።

"እኔ የምፈራው ክፍልፋይ ነው" አለች ኖልቪያ። "ሁለት ክፍልፋይ ስደምር ይሳሳትብኛል፤ ከዚያ የተረፈው ሁሉ ይበላሻል። ክፍልፋይ የሚያስተምረኝ ሰው አለ?"

ሂሜና ደነገጠች። ይህ ዝርዝር ነገር እንደሆነ፣ ፕሮግራሙ ግን የሚሠራው ከመላው ሰውነቷ ጋር እንደሆነ በጥሞና አስረዳቻት። ስትሸኛት አረንጓዴ እርሳስ ሰጠቻት።

ኖልቪያ በዚያው ንዴት ካልኩለስ ወደሚያስተምሩት መምህር ዝላታር ቢሮ ሄደች። ድልድይ ውስጥ የመምህር ዝላታር ስም በበጎ አይነሳም ነበር። ከደቡቡ ጫፍ፣ ከነፋሱ አገር የመጡ፣ ሲያስተምሩ ወደ ሰሌዳው እንጂ ወደ ሰው የማያዩ ሴት ናቸው፤ ግማሽ ክፍል ይጥላሉ ይባላል። ዶን ኦክታቪዮ በስብሰባ ላይ "ተቋማዊ መሰናክል" ሲሉ ማንን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ኖልቪያ በሩን ስታንኳኳ መሰናክሉ ዳቦ በአቮካዶ እየበሉ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቋት የፈተናውን ነገር አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃ ስንት ዓመት ሒሳብ እንደተማረች ጠየቋት። ሁለት ዓመት ብላ መለሰች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ሙያው እንደበላው፣ የቀረውም ግራም ወደ ኪሎ መለወጥ ብቻ እንደነበር ነገረቻቸው።

"እንግዲያማ ሰነፍ አይደለሽም፣ አልተማርሽም" አሉ። "ሁለቱ ይለያያል። ቅዳሜ ጠዋት ነይ። ላጲስ ያዢ።"

"ከፕሮግራሙ ፈቃድ ላምጣ?"

"ለምን? ክፍልፋይ ፈቃድ አይጠይቅም።"

ቅዳሜ ኤድሰንን ጎትታ ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ሌሎችም ነበሩ፤ ከሙያ የመጣም ያልመጣም፣ አንድ የሕንፃ ጥበቃ ሳይቀር። ስም ያለው ትምህርት አልነበረም። መምህር ዝላታር ከአንደኛ ደረጃ መጽሐፍ ጀመሩ። አያባብሉም፣ አይሳደቡምም፤ የተሳሳተውን በጣታቸው መታ አድርገው "እንደገና" ይላሉ። ኤድሰን በወጣ በገባ ቁጥር "እንደገና" እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ ነገር ግን ቅዳሜን አያስቀርም። ኖልቪያ የታችኛው ቁጥር እስኪመሳሰል ድረስ ክፍልፋይ እንደማይደመር የገባት ቀን፣ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ስትመለስ ብቻዋን ፈገግ እያለች ነበር። ሁለተኛውን ፈተና ሦስት ነጥብ አራት አመጣች። ወድቃለች፤ ግን አወዳደቋ ሌላ ነበር። አሁን የት ላይ እንደተሳሳተች ታውቃለች።

የመጨረሻው ፈተና ከሁለቱ ድምር በላይ ስለሚመዝን አማካዩን ሊያነሳ ይችል ነበር። በዚያ የወደቀ ትምህርቱን ከነዓመቱ ይደግማል። የተቆረጠውም ለኅዳር መጀመሪያ፣ ሐሙስ ጠዋት ሆነ።

ዶን ኦክታቪዮ ደግሞ ለዚያው ሐሙስ ጠዋት "ከእጅ ወደ አእምሮ" የተባለ አገር አቀፍ ጉባኤ ጠርተው ነበር። ከዋና ከተማው ከሳንቲያጎ የሚኒስቴር ተወካይ ይመጣሉ፤ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ሰው። ኖልቪያ ለሁሉም ኢምፓናዳ ትጋግራለች፤ ሲበላ ሽርጧን አውልቃ መድረክ ትወጣና ድልድይ እንዴት ሕይወቷን እንደለወጠ ትመሰክራለች። ሽርጡን እንኳ ባታወልቀው ይሻላል የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር።

ቢሯቸው ሄዳ ፈተናው በዚያው ሰዓት መሆኑን ነገረቻቸው። እጇን ያዙት።

"ኖልቪያ ልጄ፣ ፈተና ይደገማል። እንዲህ ያለ መድረክ ግን ሁሌ አይገኝም።"

"ፈተናው እንዲደገም አልፈልግም፤ ዓመቱንም አብሮ ነው የሚያስደግመኝ።"

"እኔ ለመምህር ዝላታር እጽፍላቸዋለሁ። ሌላ ቀን ይፈትኑሻል።"

"እሺ አይሉም። ቢሉም እኔ ልዩ ፈተና አልፈልግም፤ ከሰው ጋር ተቀምጬ ልፈተን።"

ዶን ኦክታቪዮ አዘኑ። ማዘናቸው የምር ነበር፤ ለዚያ ነው የከበዳት። ስንት ሰው እንደደከመላት፣ ከኋላዋ የሚመጡት ልጆች ዕድል በዚህ ጉባኤ ላይ እንደቆመ፣ ሂሜና ስለ እሷ ብቻ ሪፖርት እንደጻፈች አነሱባት። ውለታ ቢስ መሆን እነኖልቪያ ሰፈር ከስርቆት የሚተናነስ ነውር አይደለም። አክስቷ ብትሰማ ምን እንደምትል አሰበችና የባሰ ፈራች።

"ዶን ኦክታቪዮ" አለች በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየች፣ "እዚህ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እንድማር ነው። እንዴት እንደተማርኩ የምናገረው ከተማርኩ በኋላ ነው። ሐሙስ አልመጣም።"

እጇን ቀስ ብላ ከእጃቸው አወጣች። ወደ ኋላ ሳትዞር ደረጃውን ወረደች።

ኤድሰን ሲሰማ እሱም ገመድ እንደማይዘረጋ ተናገረ። ማካሬና አልቅሳ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ መልሳ አልቅሳ፣ እሷም ወደ ፈተናዋ ለመሄድ ወሰነች። ማታ ማዕድ ላይ አክስት ኤዱቪና ነገሩን ከሰማች በኋላ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች ብዙ አሰበች።

"እኔ የምለው" አለች፣ "እነዚህ ሰዎች ካንቺ በፊት ምን ይበሉ ነበር?"

ሐሙስ ደረሰ። ኖልቪያ ፈተናው ላይ ተቀምጣ ልቧ ግማሹ ጉባኤው አዳራሽ ነበር። እንግዶቹ ተርበው፣ ማጉያው ዝም ብሎ፣ ዶን ኦክታቪዮ በሻርፓቸው ላብ ሲጠርጉ ይታያት ነበር። አንዴ ይቆጫታል፣ አንዴ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላታል። መምህር ዝላታር በአጠገቧ ሲያልፉ የባዶ ወረቀቷን ጥግ በጣታቸው መታ አደረጉ። ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ግን ሁሉን ረሳች። ወረቀቷን ስታስረክብ ረፍዶ፣ ግማሹ ክፍል ወጥቶ ነበር።

ጉባኤው እንዴት እንደዋለ በነጋታው ከሂሜና ሰማች። ምንም አልጎደለም። ኢምፓናዳው መንገዱ ጥግ ካለው ዳቦ ቤት ታዝዞ መጣ፤ እንዲያውም ተወካዩ አድንቀው ሁለት በሉ። ማጉያውን የሕንፃው ሠራተኛ አስተካከለው። የደም ግፊቱን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹ አለመኖራቸውን ያስተዋለ ሰው የተገኘው ምስክርነቱ ሰዓት ሲደርስ ብቻ ነበር። የመድረክ መሪዋ የኖልቪያን ስም ሁለቴ ጠርታ የሚወጣ ስታጣ፣ ዶን ኦክታቪዮ ራሳቸው ተነሱ። መጀመሪያ ቃል አጠራቸው አለች ሂሜና፤ ከዚያ ግን ፊታቸው እየበራ ሄደ።

"ኖልቪያ ዛሬ እዚህ የለችም" አሉ። "ፈተና ላይ ናት። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ? ልጆቻችን እኛን የማይፈልጉበት ደረጃ ደርሰዋል።"

ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ ሲያጨበጭብ አዳራሹ ተናወጠ። የሚኒስቴሩ ተወካይ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ስለ ተማሪዎች የተደረገው ጉባኤ፣ ተማሪ ሳይገኝበት፣ ከሁሉም የተዋጣለት ተብሎ ተበተነ። ድልድይም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እንዲስፋፋ ተወሰነ።

ኖልቪያ ይህን ስትሰማ የምትስቀው የምታለቅሰው ጠፋት። ይቆጡኛል ብላ ነበር የተዘጋጀችው፤ መመስገንን ግን ምን ብለው ይመልሱታል?

ውጤቱ በሳምንቱ ወጣ። አምስት ነጥብ አንድ። የአማካዩ ስሌት ተደርጎ፣ ፈጣሪም ዝላታርም ሳያደሉላት፣ በጠባብ በር አለፈች። ማካሬናም አለፈች። ኤድሰን አላለፈም፤ ለጥቂት ወደቀ። ውጤቱን ቆሞ ሲያይ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ዞር ብሎ "እንደገና" አለ በመምህር ዝላታር ድምፅ። ኖልቪያ ለመሳቅ ሞክራ አልሆነላትም። አብረው እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሄዱ።

በዓመቱ መጋቢት የቅዳሜው ትምህርት እንደገና ተጀመረ። ኤድሰን ለሚደግመው ትምህርት ይመጣል፤ ኖልቪያ አዲስ የገቡትን ልታግዝ ትመጣለች። አንድ ቅዳሜ በሩ ተከፈተና ዶን ኦክታቪዮ ከፎቶ አንሺ ጋር ገቡ። የዚህን ክፍል ነገር ዘግይተው ነበር የሰሙት፤ አሁን የድልድይ አንድ ክንፍ ሊያደርጉት ፈልገዋል፤ ስምም አውጥተውለታል። ስሙን መናገር ጀምረው ነበር።

"በሩን ዝጉት፣ ነፋስ ይገባል" አሉ መምህር ዝላታር ከሰሌዳው ሳይዞሩ። "የተቀመጠ ይሠራል። የቆመ ይወጣል።"

ፎቶ አንሺው ወጣ። ዶን ኦክታቪዮ ተከትለውት መውጣት አፈሩ፤ ኖልቪያ አጠገብ ባዶ ወንበር ነበር፤ ተቀመጡ። አንድ ሰው ወረቀት አቀበላቸው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ሦስተኛ ሲደመር ሦስት አራተኛ ተጽፏል። ዶን ኦክታቪዮ ጥቂት አሰቡና በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አምስት ሰባተኛ ብለው ጻፉ። መምህር ዝላታር አልፈው ሲሄዱ በጣታቸው መታ አደረጉት። "እንደገና።"

ጆሯቸው ቀላ። ኖልቪያ ጎንበስ አለችላቸው።

"የታችኛው አይደመርም" አለች በሹክሹክታ። "ቁራሹ አንድ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ ሁለቱንም አሥራ ሁለተኛ ያድርጓቸው።"

"ለምን አሥራ ሁለት?"

ለምን ብለው መጠየቃቸው ሆዷን አባባው። አስረዳቻቸው። ተሳሳቱ፣ ደገሙት፣ በሦስተኛው አሥራ ሰባት አሥራ ሁለተኛ አገኙ። ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት።

"ከአንድ ይበልጣል እኮ" አሉ።

"ይበልጣል።"

"ይገርማል" አሉ ዶን ኦክታቪዮ። ሻርፓቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉትና የሚቀጥለውን ጥያቄ መገልበጥ ጀመሩ። ፎቶ አንሺው በመስታወቱ በኩል ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ ቢያይ፣ ቀና አላሉለትም።

ከዚያ በኋላም ጥቂት ቅዳሜ መጡ፤ ብቻቸውን። ሪፖርታቸው ላይ ስለዚያ ክፍል ምንም አልጻፉም፤ ይህ ለእሳቸው ቀላል መሥዋዕትነት አልነበረም። በግንቦት ደግሞ ኖልቪያን ኮሪደር ላይ አግኝተው፣ እጇን ሳይዙ፣ አንድ ውሳኔ አበሠሯት። ማክሰኞ የሚሰጠው "እኔም የዚህ ቤት ልጅ ነኝ" ከካልኩለስ ጋር ስለሚጋጭ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ወደ ረቡዕ ተዛውሯል።

ኖልቪያ ከልቧ አመሰገነቻቸው። ረቡዕ ጠዋት ፊዚክስ መሆኑን ለመንገር ልብ አላገኘችም፤ ያንን ኤድሰን ቅዳሜ ሲገናኙ ይነግራቸዋል ብላ ወደ ቤተ ሙከራዋ ሮጠች፤ የወተት መቋጠር ሙከራ ሊጀመር ነበር።